የቀበሌው ሬዲዮ አልናገርም ያለ እሁድ

ሬዲዮ መጠገን አልችልም። ነቀምቴ ውስጥ ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና ደግሞ በሕይወቴ ሞክሬው ያልተሳካልኝ ነገር ነው። የማውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የባትሪ ድንጋይ መቀየር፣ ዝገት መፋቅና በጥፊ ማለት። ከሦስቱ ደህና ውጤት ያገኘሁት በጥፊ ነው።

ጉድ የሠራኝም ያ ጥፊ ነው። በደርግ ጊዜ ነቀምቴ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ወር፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሬዲዮ ድምፁ ጠፍቶ አስተማሪዎች እንደ አስከሬን ከበውት ደረስኩ። "እስቲ" ብዬ ጎኑን ባጮለው ዜና ማንበብ ጀመረ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያኔ "አጋጣሚ ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ሱሪዬ ቤልቦተም ነበር፣ ከከበቡት መካከል ደግሞ አንዲት ቆንጆ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበረች። "ኮንታክቱ ነው" አልኩ ኮስተር ብዬ። ኮንታክት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐንዲሱ ተባልኩ። አስተማሪዋ ሌላ ሰው አገባች፤ መሐንዲስነቱ ግን እኔው ላይ ቀረ።

የምኖረው ጨለለቂ ሰፈር ነበር፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ የተከበረች ሴት የምትጠራው እንደዚያ ነው። እኔን ኢልማ ኮ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ወጥ ሲሠሩ ለኔም ያወጡልኛል፣ ጠዋት ደግሞ "አካም ቡልቴ" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁ ከግቢ አያስወጡኝም።

እኔ የኪራሙ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከጎጃም ተሻግረው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ጴንጤ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ። አዴ ደግሞ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በሩ ላይ ሰንሰለት ከገባ ወዲህ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ በተራ ይሰበሰቡ ነበር። ተራው እኛ ግቢ የደረሰ ዕለት በጭቃው ግድግዳ በኩል በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር እሰማለሁ፤ ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ በሉት። የተማሪ ደብተር ሳርም ቆይቼ ሳላውቀው በእስክሪብቶዬ ጠረጴዛውን እየመታሁላቸው እገኛለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ቀልድ አልነበረም። ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንድ አናጢ የመዝሙር ወረቀት ኪሱ ውስጥ ተገኝቶበት ተወስዶ፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ቆሎ መቆርጠም አይችልም ነበር።

የአዴ ሬዲዮ ሟች ባላቸው የተዉላቸው ነው። ሻንጣ የሚያክል፣ የቆዳ ልብስ ያለው፣ ስድስት ድንጋይ የሚበላ። አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና "አዴ፣ ሬዲዮዎ ለሰፊው ሕዝብ ለጊዜው ይፈለጋል" አለ። በዚያ ዘመን ለጊዜው የሄደ ነገር ሲመለስ አይተን አናውቅም። አዴ ግን "ቶሌ" አሉ፣ እሺ ነው። እንዲያውም ጥበቃውን አስቀምጠው፣ ከጉራጌው ሱቅ ስድስት አዲስ ድንጋይ ገዝተው መጡ፤ ራሳቸው አስገብተው፣ ክዳኑን ዘግተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ሰጡት።

"ምነው አዴ፣ ወስደውብዎትም ድንጋይ ከርስዎ?" አልኳቸው።

"የተበላሸ ሰጠችን እንዳይሉኝ ነዋ፣ ኢልማ ኮ።"

በማግስቱ እሁድ ነው። የቀበሌ ውይይት ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን በሚኬድበት ሰዓት ነው የሚደረገው። አጋጣሚ ነው ይሉናል፤ እኛም አጋጣሚ ነው ብለን እንሄዳለን። ያን ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ትልቅ ንግግር ይተላለፋል ተብሎ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መቅረት ስም ያስመዘግባል። ከፊት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ የአዴ ሬዲዮ፣ ከኋላው ሁለት ሰዎች። አንዱ ሊቀመንበራችን ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሰው ሲያነጋግሩ እንኳ በዓይናቸው ትከሻውን ይለኩታል። ሲጋራ ከእጃቸው አይጠፋም። ሌላው ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ነው፤ ቀጭን ወጣት፣ ካኪው ተተኩሶ ስለት ያወጣ። የደምቢ ዶሎ ልጅ ነው ይባላል፤ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ቢሆንም ስብሰባ ላይ አይናገረውም።

ሊቀመንበሩ ማብሪያውን ጠመዘዙ። ቀጭ አለ። ዝም። መለሱና ጠመዘዙ። ቀጭ፣ ዝም።

"ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ነው" አለ ካድሬው፣ ሰዓቱን እያየ።

ሊቀመንበሩ አንገታቸውን አስግገው አዳራሹን ቃኙ። እኔ ከኋላ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ከዚያ የተቀመጥኩት ንግግሩ ሲጀመር ሹልክ ብዬ ሄጄ ለመተኛት ነው።

"መሐንዲሱ! ና እስቲ ወዲህ።"

ሕዝቡ እየሳቀ መንገድ ከፈተልኝ። አንዱ ከጎን "ጥፊህን ይዘሃል?" አለኝ። ሌላው "ቀስ ብለህ ምታው፣ የመንግሥት ሆኗል" አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከልቤ አልሳቅሁም።

ጠረጴዛው ጋ ደረስኩና መጀመሪያ ማብሪያውን ጠመዘዝኩ፤ ሰው ሲያደርገው አይቼ እኔም ካላደረግኩት አላምንም። ዝም። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ዝም። አንቴናውን ሳብኩ፣ መለስኩ። በመጨረሻ የታወቀውን መድኃኒት ሰጠሁት፤ ሕዝቡ ጥፊውን ሲሰማ "እህ" አለ። ሬዲዮው ምንም አላለም።

"ድንጋዩ ነው" አልኩ በልበ ሙሉነት። የኔ ዕውቀት የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

"ድንጋዩ ከማን ሱቅ ነው የተገዛው?" አለ ካድሬው።

ጉራጌው ባለሱቅ መሐል ወንበር ላይ ነበር። አንገቱ ወደ ትከሻው ገባ። የሞተ ድንጋይ ለቀበሌ መሸጥ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባል ነበር፤ አሻጥር ከተባለ ደግሞ ሱቁም ሰውየውም አብረው ይታሸጋሉ። ባለሱቁ ግን በንግድ ያደገ ሰው ነው፣ ቆመ።

"ጓድ፣ በአፍ ከሚፈረድ በዓይን ይታይ። ጥበቃው የእጅ ባትሪ ይዟል። ድንጋዬ እዚያ ውስጥ ይግባ። ካልበራ እኔን እሰሩኝ፣ ከበራ መሐንዲሱን እሰሩት።"

ሕዝቡ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም፣ ግን "ይሞከር" አለ።

የጀርባውን ክዳን ከፈትኩ። አንዱን ድንጋይ አውጥቼ ምላሴ ላይ አስነካሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠጋኞች ሲያደርጉ አይቻለሁ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያወጣሁ የጥበቃው ባትሪ ውስጥ ከተትኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦግ አሉ። ቀጣዮቹም ቦግ አሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሲበሩ ባለሱቁ "ተመስገን" ብሎ ተቀመጠ።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አሠራሬ ራሴን አስደንቆኛል፦ ድንጋዩ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፣ ሞከርኩ፣ አለመሆኑን አረጋገጥኩ። ያልገባኝ፣ አንዱን በር በዘጋሁ ቁጥር የቀረው በር ማን ጋ እንደሚያደርስ ነው። ካድሬው ቀድሞኝ ደረሰ።

"ድንጋዩ ደህና ከሆነ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሬዲዮውም ትናንት ደህና ከነበረ፣ መሐል የገባ እጅ አለ ማለት ነው። የማን ነው ይሄ ሬዲዮ?"

አዴ በሴቶቹ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ናቸው። "የኔ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ወደ ሬዲዮው ሆድ ጎንበስ ያልኩት ያኔ ነው፣ አሁን የምሬን። ድንጋዮቹ የሚገቡት በሁለት መስመር፣ ሦስት ሦስት ሆነው ነው። የታችኛው መስመር ጫፍ ላይ፣ የድንጋዩ ቂጥ የሚያርፍበት ሞላ አለ። ሞላው አይታይም። በላዩ ላይ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት ተሰክቶበታል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ለዚህ መሐንዲስነት አያስፈልግም። ያረጀ ሬዲዮ ሞላው ሲረግብ ድንጋዩ ይላላል፣ ሁሉም ሰው በሆነ ነገር ይወጥረዋል። በከተማው የሚወጠረው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ነው፤ እሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አዴ ቤት ግን ሲጋራ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ጴንጤ ሲጋራ ከየት ያመጣል? እሳቸው አዲሶቹ ድንጋዮች ሲላሉባቸው በእጃቸው ያገኙትን ደረቅ ወረቀት አጥፈው ሰክተውበታል። ሬዲዮው ምን ያድርግ፣ አፉን በወረቀት ወትፈውት።

ወረቀቱን በጣቴ ልስበው ስል እጥፋቱ ትንሽ ተገለጠ። ሰማያዊ ቀለም። የአዴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የወተት ሒሳብ ሲጽፉልኝ አውቀዋለሁ። "ማክሰኞ" ይላል። ከሥሩ የአንዲት ሴት ስም፣ "ቤት"። ከሥሩ ደግሞ "ማክሰኞ"፣ ሌላ ስም።

የተራው ዝርዝር ነው። በማን ቤት መቼ እንደሚጸለይ፣ ከነስሙ።

ጣቴን አነሳሁ። ካድሬው ከቀኝ ትከሻዬ በላይ ይተነፍሳል፣ ሊቀመንበሩ ከግራ ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። ወረቀቱን ካወጣሁት ካድሬው ያየዋል፣ አዴና እነዚያ ሁሉ ሴቶች አለቁ። ካላወጣሁት ሬዲዮው አይናገርም፣ ያኔ አሻጥር ነው፣ አዴ አሁንም አለቁ። "አልቻልኩም" ብል ደግሞ የሚችል ሰው ይጠራል፤ ቡርቃ ጃቶ አንድ እውነተኛ ጠጋኝ አለ፣ ከነመበየጃው። የሚችል ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ያንኑ ወረቀት ነው።

"ምን አየህ?" አለ ካድሬው።

"ኮንታክቱ ነው" አልኩ። ይህቺ ቃል ያመጣችብኝን መዘዝ አይታችኋል።

ቀና ስል ከአዴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እጄ የት ቦታ ላይ እንደቆመ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በእጃቸው ያገኙት ወረቀት ምን እንደነበረ ሲያስታውሱ አየሁ።

አዴ ተነሡ።

"ልጆቼ" አሉ፣ "ሬዲዮው ያለ ምርቃት ከቤት ወጥቶ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልመርቅ።"

"እናት፣ ስብሰባ ላይ ምርቃት ምንድን ነው?" አለ ካድሬው።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ጓድ፣ ትልቅ ሰው ሊመርቅ ከተነሣ አይቋረጥም። ሰፊው ሕዝብ ደስ አይለውም።"

እሱ መልስ ሳይሰጥ አዴ ጀምረዋል። ወለጋ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲመርቅ ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል፣ ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል፣ በየመሐሉ "ሃ ተኡ" ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። ጴንጤም ቢሆን፣ ኦርቶዶክስም ቢሆን፣ ከወልቂጤ የመጣ ባለሱቅም ቢሆን። መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። ሊቀመንበሩ ሲጋራቸውን አስቀምጠው ዘረጉ። የካድሬው እጅ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ማን እንዳዘዘው ሳይታወቅ ከካኪው እጅጌ ወጥቶ ተዘረጋ፤ አንገቱም ተደፋ። አያት ያሳደገችው ልጅ ነው።

"አገር ሰላም ይሁን" አሉ አዴ።

"ሃ ተኡ።"

"የዘራነው ይብቀል።"

"ሃ ተኡ።"

እንግዲህ እኔ ምን ሳደርግ ነበር? መዳፌን ዘርግቼ "ሃ ተኡ" እያልኩ ነበር። ልማድ ክፉ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሥራ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ፣ የምርቃቱን ሲሶ እጄን ዘርግቼ ጨረስኩት።

"የሚሠራ እጅ" አሉ አዴ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አይዘግይ።"

"ሃ ተኡ" አለ ሕዝቡ። እኔ ነቃሁ።

በግራ መዳፌ ምርቃት እየተቀበልኩ በቀኝ እጄ ወረቀቱን ነቀልኩት። አሁን የት ላድርገው? ያ የተረገመ ቤልቦተም ከታች ጠረጴዛ ያለብሳል፣ ከላይ ግን ኪሱ ጥፍር አያስገባም። ለመልበስ ራሱ ተኝቼ ነበር የምለብሰው። ሸሚዜ ኪስ የለውም። ልበላው አሰብኩ፤ ግን አምስት ጊዜ የታጠፈ የደብተር ወረቀት ነው፣ ለመዋጥ እንስራ ውኃ ያስፈልገው ነበር።

"የሚያይ ዓይን ደግ ደጉን ይይ።"

"ሃ ተኡ።"

ድምፃቸው ደከም አለ፣ ሊጨርሱ ነው። ከድንጋዮቹ ቤት ጎን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። ወረቀቱን እዚያ ሰካሁትና ገፋሁት። ሄደ። ውስጥ ወድቆ ቀረ።

ምርቃቱ አልቆ ሰው ሁሉ ቀና ሲል እኔ ድንጋይ እየመለስኩ ነበር። "ጓድ ሊቀመንበር፣ የሲጋራ ፓኮዎን" አልኩ። ሰጡኝ። ብርማውን ወረቀት ልጬ፣ አጥፌ፣ ሞላው ላይ ሰካሁት። ማብሪያውን ስጠመዝዘው ሬዲዮው ንግግሩን ከመሐል ጀምሮ አንቧረቀው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ለንግግሩ ይሁን ለሬዲዮው ወይም ለአዴ አልተለየም። ካድሬው እንዳጨበጨቡ መዘገበ።

ስብሰባው ሲያልቅ እጄን ጨበጠኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሬዲዮ ኃላፊ አንተ ነህ" አለ። "ሌላ ሰው እንዳይነካው።"

ቤት ስገባ አዴ የተቀቀለ አንጮቴ፣ ያን ድንች መሳይ የወለጋ ሥር፣ ይዘው ክፍሌ መጡ። በሩን ገርበብ አደረጉ።

"የት አደረግከው?"

"ውስጡ ነው።"

"የምን ውስጥ?"

"የሬዲዮው።"

ሳህኑን አልጋዬ ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። "አሥራ አንድ ቤት ነው ያለበት" አሉ። አንጮቴውን እኔም እሳቸውም አልነካነውም።

እስር ቤት ገብቼ አላውቅም። ስለ እስር የማውቀው ከዚያ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው የሚቀመጠው ሊቀመንበሩ ቢሮ፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እሁድ ይወጣል፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ሲያልቅ ይቆለፍበታል። አንድ ቀን እንኳ ብቻችንን አልተገናኘንም። ሊቀመንበሩ ሥራዬን ማየት ይወዳሉ፤ ወንበር ስበው ይቀመጡና "ይሄኛውስ ምንድን ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ የማላውቀውን እየፈጠርኩ አስተምራለሁ። አንዴ የፀጉር ሽቦ በእጄ ደብቄ ወረቀቱን ልጎትት ሞከርኩ፤ "ቆይ፣ ላግዝህ" ብለው ሬዲዮውን ወደ ብርሃን አዞሩልኝ። ሽቦውን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ እንደሚኮረኩር ሰው ሆንኩ።

ይባስ ብሎ ወረቀቱ መናገር ጀመረ። ወድቆ ያረፈው ድምፅ ማጉያው ላይ ነው መሰለኝ፣ የሰልፍ ሙዚቃ ሲመጣ፣ ከበሮው ሲመታ፣ ከውስጥ ዝዝዝ ይላል። ሕዝቡ በሙሉ ይሰማዋል። አሥራ አንድ ቤት ከበሮ በተመታ ቁጥር ዝዝዝ ሲሉ እኔ ጮክ ብዬ አስላለሁ።

"ምንድን ነው ይሄ ድምፅ?" ይላል ካድሬው።

"ከጣቢያው ነው፣ ጓድ። አየሩ።"

በጠራ ሰማይ አየሩን ከስሻለሁ። ታምሜ ብቀር ሌላ ሰው ይከፍተዋል፣ ስለዚህ መታመምም አልችልም፤ በትኩሳት ጋቢ ለብሼ ሄጄ ድንጋይ የቀየርኩበት ጊዜ አለ። "ለአብዮቱ ያለው ፍቅር" ብለው በስብሰባ አመሰገኑኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው መሰለኝ፣ ድምፁ ጠራ። ዝዝዝታው ድንገት ቀረ። እኔ ምን አልኩ? "ተመስገን፣ ወረቀቱ ተደላድሎ ተኛ" አልኩ። መሐንዲስ ብሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የዝውውር ደብዳቤዬ ደረሰ። ወደ ኪራሙ። አባቴ ሞቶ እናቴ ብቻዋን ቀርታ ነበርና ለሦስት ዓመት የለመንኩት ዝውውር ነው። ደብዳቤውን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። እኔ ከሄድኩ ሬዲዮው በተበላሸ ዕለት የቡርቃ ጃቶው ጠጋኝ ይጠራል። እሱ ጥፊ አያውቅም፣ ብሎን ነው የሚፈታ።

ሊቀመንበሩ ሰምተው ኖሮ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። እንደ ልማዳቸው ትከሻዬን በዓይናቸው ለኩ።

"ሂድ እንጂ። እናት አንዴ ናት።"

"ሬዲዮውስ፣ ጓድ?"

"ሬዲዮው ምንም አይሆንም። እኔ አለሁ። አትጨነቅ፣ ሂድ።"

ለምን ሊያርቁኝ ፈለጉ? ጠርጥረዋል፣ እኔን አስወግደው ሊከፍቱት ነው አልኩ። በዚያው ሳምንት ዝውውሩን አልፈልግም ብዬ ጻፍኩ። እናቴ በሰው ላከችብኝ፦ "ሴት ይዛው ነው፣ አውቃለሁ። ይሁን፣ ያሳየኝ ብቻ።" አዴን ወስጄ ላሳያት አልችል ነገር። በሚቀጥለው ክረምት ሞተች። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የደረስኩት ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሁድ ከመድረሱ በፊትም ተመለስኩ።

አዴ ይህን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ወጥ ሲያወጡልኝ ሥጋውን ሁሉ ለኔ ያደርጉት ነበር።

ደርግ የወደቀ ሰሞን የቀበሌው ቢሮ ክፍቱን አደረ። ሰው ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ቀዩን ጨርቅ ሳይቀር ወሰደ። እኔ ሮጬ ብደርስ ቁም ሣጥኑ ባዶውን ተከፍቶ ቆሟል። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። በራፉን ስገፋ ሊቀመንበሩ አዴ ዘንድ ቁጭ ብለዋል፤ ፊታቸው አንጮቴ፣ ጎናቸው ጋቢ ውስጥ የተጠቀለለ ሬዲዮ።

"ንብረትዎን አመጣሁ" እያሉ ነው ለአዴ።

ሰላም ሳልል ሬዲዮውን ነጥቄ ክፍሌ ገባሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብሎኖቹን በሙሉ በቢላ ፈትቼ ጀርባውን ገነጠልኩት። ከድምፅ ማጉያው ኋላ ወረቀት የለም። ዙሪያውን በጣቴ አሰስኩ፣ ገልብጬ አራገፍኩ። ምንም።

ወጣሁ። "ጓድ" አልኩ።

"ጓድ አትበለኝ እንግዲህ፣ እሱ ቀርቷል።"

"ውስጡ የነበረው ወረቀትስ?"

ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ላሱ። "ያ ዝዝዝታ ሊያሳብደኝ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የላላ ነገር አልወድም። አንድ ቀን ቢሮዬን ቆልፌ አንተ እንደምታደርገው ከፈትኩት። በስፌት መርፌ ከስንጥቁ ስቤ አውጥቼ አነበብኩት። ከዚያ ሲጋራዬን ለኮስኩበት።"

"መቼ?"

"ድምፁ የጠራ ጊዜ ነዋ። አልሰማህም?"

ሰምቻለሁ። እናቴ በሕይወት ነበረች።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ።

"ሂድ አልኩህ አይደል? ከዚህ በላይ በዚያ ዘመን እንዴት ይነገራል? አንተ የማን ሰው እንደሆንክ በምን አውቃለሁ? በየእሁዱ ትኩሳት ይዞህ እንኳ የምትመጣ ሰው፣ የካድሬው ጆሮ መስለኸኝ ነበር።"

"ስድስተኛው ማክሰኞ በማን ቤት ነበር?" አሉ አዴ፣ ሳህኑን ወደ ሊቀመንበሩ እየገፉ። ሊቀመንበሩ አንድ አንጮቴ አነሡ። "የሱ ሚስት ድምፅዋ ጥሩ ነው" አሉኝ አዴ በዓይናቸው ወደ ሊቀመንበሩ እየጠቆሙ። "በግድግዳ ሰምተሃታል።"

እኔም ተቀመጥኩና አንጮቴ በላሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቁም ሣጥን ዙሪያ ለስንት ዓመት ስንጠባበቅ ኖረናል፤ ውስጡ ባዶ፣ አንዳችን ሌላችንን እየፈራን። ልናገር የፈለግኩት ብዙ ነበር፤ አፌ ሙሉ ስለነበር ተውኩት።

ሊቀመንበሩ ሲሄዱ አዴ ሬዲዮውን እንድገጥምላቸው ጠየቁኝ። ገጠምኩት። ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ስድስት አዲስ ድንጋይ አስገባን፣ ብርማ ወረቀት ሰካን፣ ማብሪያውን ጠመዘዝኩት፣ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ያ ሬዲዮ ተናግሮ አያውቅም። በጥፊም ሞክሬዋለሁ።